ሰው የማያበላልጥ ኳስ፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

ጠሐይ በረድ ሲል ሮቢት ሜዳ ላይ ኳስ የሚያባርሩ ልጆቻችን ሊያውቋቸው የሚገባ ሰው አሉ።

አቶ ይድነቃቸው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ጅማ ተወለዱ። ወጣትነታቸው የፋሺስት ሕግ ነጭና ጥቁርን በሚለያይበት ዘመን ላይ ዋለ። ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፈው ስመ ጥር ሆኑ።

በ1949 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። ከነሱ አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። ማኅበሩ ገና ከመወለዱ ሊሳሳ ነው፤ ቢሆንም አቶ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው እሺ አላሉም። የመጀመሪያው ዋንጫ በሦስት አገር ብቻ ተካሄደ። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተረታች።

በ1954 ዓ.ም ግን እሳቸው ያሠለጠኑት ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አስቀረ። ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ቆይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎን ትታ በ1988 ዓ.ም ዋንጫውን ስታነሣ ለማየት አልታደሉም።

አንድ አባል እንዳይቀር ብሎ ደንቡን የሚያጥፍ ማኅበር እንደማይሰነብት እኛ እድርተኞች እናውቃለን። ነፍሳቸውን ይማር።