የዲዦኑ መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ

በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ ከተማ ውሃ አጣን ብሎ አደባባይ ከወጣው ሕዝብ መካከል የሰው ሕይወት ማለፉን የምንዘነጋ አይደለንም። ስለዚህ ከተማውን ከውሃ ችግር ያወጣ የአንድ መሐንዲስ ታሪክ ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ዳርሲ በ1803 በፈረንሳይ አገር በዲዦን ከተማ ተወለደ። በ14 ዓመቱ አባቱ ሞቱበት፤ ሆኖም እናቱ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ስለ ደከሙለት ፓሪስ ገብቶ በመንገድና ድልድይ መሐንዲስነት ተመረቀ። ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ከሮዝዋር ምንጭ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የተሸፈነ ቦይ አሠራና በ1840 ንጹሕ ውሃ ዲዦን አገባ። ለድካሙ የሚገባውን ገንዘብ ግን አልቀበልም አለ።

በ1848 አብዮት ሲነሣ ዲዦንን ለቆ ለመውጣት ተገደደ፤ ኋላም ጤናው ታወከ። እርሱ ግን አላረፈም። ወደ ከተማው ተመልሶ በ1855ና በ1856 በቆመ ቱቦ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ውሃ እያሳለፈ ለካ። የግፊቱ ልዩነት ሲበዛ የሚያልፈው ውሃ እንደሚጨምር፣ አሸዋው ሲረዝም ደግሞ እንደሚቀንስ አገኘ። ይህንንም በ1856 ስለ ዲዦን ውሃ ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ አሰፈረው። በጥር 1858 ዐረፈ።

ዳርሲ ይህን ሲሠራ ስለ ነዳጅ ዘይት አላሰበም። ዘይትም ቢሆን ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተንጣሎ አይገኝም፤ በአለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል እንጂ። ውሃ ሲገፋው ከፊሉ ይወጣል፤ ከፊሉ ጠብታ ጠብታ ሆኖ በጠባቡ ቀዳዳ ታንቆ ይቀራል። በ1930ዎቹ ሞሪስ መስካትና ሌሎች አሜሪካውያን ሊቃውንት ሕጉን ዘይት፣ ውሃና ጋዝ አብረው ለሚያልፉበት አለት አስፋፉት። ዛሬም ኮምፒዩተር አለቱን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈውን የሚያሰላው በዚያው ቀመር ነው። የአለት አሳላፊነት የሚለካበትም መስፈሪያ ዳርሲ ይባላል።

በኦጋዴን በካሉብ የተገኘው ጋዝም ሆነ በቡታጅራ የሚቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ከዚህ ስሌት አይወጣም። እንግዲህ ቀመሩን ለፈተና ብቻ ሸምድደን የምንረሳው ከሆነ ምን ጠቀመን? ዳርሲ የተማረውን ይዞ የተመለሰው ውሃ ወደ ቸገራት ወደ ገዛ ከተማው ነበር።