መኮንን እንዳልካቸው

ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ናቸው። በአማርኛ ትራጄዲን (አሳዛኝ ተውኔትን) ቀድመው ከጻፉት መካከል ይቆጠራሉ።

ሕይወትና ሥራ

በሰሜን ሸዋ በተጉለት ተወለዱ። አካባቢው ኋላ ደብረ ብርሃንን ማዕከል ባደረገው የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ሥር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተምረው በልዩ ልዩ የመንግሥት ሥራዎች አገለገሉ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ ቀጥሎም እስከ 1950 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በተመሠረተበት የሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ የኢትዮጵያን ልዑካን መርተዋል። በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ተውኔቶቻቸው

ከተውኔቶቻቸው መካከል «ዳዊትና ኦርዮን»፣ «ሣልሳዊ ዳዊት» እና «የደም ድምፅ» ይገኙበታል። ደጋግመው የሚያነሡት ጉዳይ የሥልጣን አላፊነት፣ የዓለም ከንቱነትና ሞት ነው። «የደም ድምፅ» ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጣሊያኖች በጥይት የገደሏቸውን የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ ይዟል። ርዕሱ በኦሪት ዘፍጥረት ከምድር የጮኸውን የአቤልን ደም ያስታውሳል።

የመድረክ መመሪያና ሐዘን

የመድረክ መመሪያ ተዋናዩ የማይናገረው፣ ነገር ግን የሚፈጽመው የጽሑፉ ክፍል ነው። መግባትን፣ መውጣትን፣ ዝምታን፣ መውደቅን ያመለክታል። በጥንታዊ የግሪክ ትራጄዲ ግድያ አብዛኛውን ጊዜ ከተመልካች ዓይን ውጭ ይፈጸምና በመልእክተኛ አፍ ይነገራል። በሼክስፒር ተውኔቶች ደግሞ ሞቱ መድረክ ላይ ይታያል፤ መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቃል አይበልጥም። «ሮሜዎና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ የመለሱት ከበደ ሚካኤልም የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ናቸው።

የመኮንን ተውኔቶች በአብዛኛው በንግግር ላይ የቆሙ ናቸው። ሐዘኑ የሚተላለፈው ምክርና ስብከት በሚመስል ረጅም ቃል ነው። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለንባብ ይመቻል። ለመድረክ ሲቀርብ ግን ችግር አለው። የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ የመሰለ ጉዳይ ከፍተኛው ሐዘን ያለው ተኩሱ ከተሰማ በኋላ፣ ንግግር በሚያበቃበት ቅጽበት ነው። ዝምታው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ አስከሬኑ ከተመልካች ፊት ይቅር ወይም ይነሣ የሚወስነው መመሪያው ነው፤ መመሪያ ከሌለ ውሳኔው በአዘጋጁ እጅ ይወድቃል። አንድ ተውኔት በሁለት አዘጋጆች እጅ አንድ ጊዜ ስብከት፣ ሌላ ጊዜ ለቅሶ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኅልፈት

መኮንን በየካቲት 1955 ዓ.ም. ዐረፉ። እንደ አባታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን በኅዳር 1967 ዓ.ም. በደርግ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው።