ፓፓኒኮላው፡- ስማቸው በምርመራ የቀረ ሐኪም

ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ወደ ሐኪም ቤት የሄደች ሴት ፓፕ ስሚር የሚለውን ስያሜ ሳትሰማ አትቀርም። ፓፕ የአንድ ግሪካዊ ሐኪም ስም ምሕፃር መሆኑን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ጆርጅ ፓፓኒኮላው እ.ኤ.አ. በ1883 በግሪክ ኢዩቦያ ደሴት፣ ኪሚ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ሐኪም የነበሩት አባታቸው ልጃቸው የእሳቸውን ሥራ እንዲወርስ ይመኙ ነበር። ፓፓኒኮላው በ1904 ከአቴንስ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ቢመረቁም ልባቸው ያዘነበለው ወደ ምርምር ነው። ጀርመን ሄደው በ1910 ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት ዶክትሬት አገኙ። በዚያው ዓመት አንድሮማኪ ማቭሮጄኒን አገቡ።

ባልና ሚስቱ በ1913 ኒው ዮርክ ሲገቡ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ኪሳቸውም ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። አንድሮማኪ በአንድ ትልቅ መደብር ቁልፍ ስትሰፋ፣ ዶክተሩ ለአጭር ጊዜ ምንጣፍ ሸጡ። ብዙም ሳይቆዩ በኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ የምርምር ሥራ አገኙ።

በዚያ የተመደቡበት ጥናት ጊኒ ፒግ በሚባሉት ትናንሽ እንስሳት ላይ ነበር። የእንስሳቷን የእንቁላል ዑደት ለማወቅ የተለመደው መንገድ ገድሎ ማየት ነው። ፓፓኒኮላው ግን ከብልቷ የሚወሰደውን ፈሳሽ መስታወት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። የህዋሳቱ መልክ ከዑደቱ ጋር እንደሚለዋወጥም ደረሱበት። ግኝቱ በ1917 ታተመ። ቀጥለው ወደ ሴቶች ሲዞሩ፣ ለዓመታት ናሙና የሰጠችው አንድሮማኪ ነበረች።

ከናሙናዎቹ መካከል የካንሰር ህዋሳትን ለይተው በ1928 ይፋ ቢያደርጉም የሚያምናቸው አልተገኘም። ሥጋ ቆርጦ መመርመር እያለ ጥቂት የረገፉ ህዋሳትን ማየት ለምን ያስፈልጋል ተባለ። በዚያው ዘመን ሩማንያዊው ኦሬል ባቤሽም ለብቻቸው ተመሳሳይ ዘዴ አቅርበው ነበር። ጠያቂዎቹ የዘነጉት ነገር፣ ሥጋ የሚቆረጠው አንዳች አጠራጣሪ ነገር ከታየ በኋላ መሆኑን ነው። የፓፓኒኮላው ምርመራ ግን ምንም ሕመም ያልተሰማትን ሴት ሳይቀር ይደርስላታል።

ከአስር ዓመት በላይ ቆይተው ከማህፀን ሐኪሙ ኸርበርት ትራውት ጋር ተጣመሩ። በ1941 ጥናታቸውን፣ በ1943 ደግሞ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ምርመራው በስፋት ተሰራጨ። መደበኛ ምርመራ በተደራጀባቸው አገሮችም በበሽታው የሚሞቱ ሴቶች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ።

ዘዴው እንከን የለሽ አልነበረም። ናሙናው በደም ወይም በንፍጥ ከተሸፈነ ንባቡ ይሳሳታል፤ የሠለጠነ ዓይንም ይፈልጋል። በ1990ዎቹ የመጣው በፈሳሽ ውስጥ የሚቀመጥ ናሙና የተበላሹ መስታወቶችን ቁጥር ቢቀንስም፣ በሽታን በማግኘት ረገድ ከቀድሞው ብዙም አልበለጠም። ትልቁ ለውጥ ሃራልድ ዙር ሃውሰን በ1983 ይፋ ካደረጉት ግኝት የመነጨ ነው። የበሽታው መንስኤ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ መሆኑ በመታወቁ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ ተሠራ። ይህ ዘዴ አደገኛ ለውጦችን የመሳት ዕድሉ ከፓፕ ስሚር ያነሰ ነው። ሴቲቱ ራሷ ናሙናውን ልትወስድም ትችላለች። በአንጻሩ ቫይረሱ ያለባት ሴት ሁሉ ስለማትታመም ተከታይ ምርመራ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ይህንኑ ዘዴ በቀዳሚነት መክሯል።

የፓቶሎጂ ባለሙያ በማይበዛባት ኢትዮጵያ በጤና ተቋማት የተለመደው የማህፀንን በር በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን መመልከት ነው። ርካሽ ነው፤ ውጤቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ሕክምናውም በዚያው ቀን ሊሰጥ ይችላል። ይሁንና ትክክለኛነቱ በመርማሪዋ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ፓፓኒኮላው በ1961 የካንሰር ምርምር ተቋም ለመምራት ወደ ማያሚ ቢሄዱም ብዙ አልቆዩም፤ በየካቲት 1962 በልብ ድካም አረፉ። መስታወቱና ማይክሮስኮፑ ዛሬ ለቫይረስ ምርመራ ቦታ እየለቀቁ ነው። ሕመም ሳይጀምር መመርመር የሚለው ሐሳባቸው ግን አልተሻረም። ዘዴው የትኛውም ይሁን፣ የሚያድነው በጊዜ የተመረመረችውን ሴት ነው።