ከኩስኮ ወጥቶ ያልተመለሰው

ዛሬ ስለ አንድ ስደተኛ እናውጋ። ሰውየው ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ታሪኩ ግን ለእኛ ሩቅ አይደለም። ስሙ ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ ነው፤ ኢንካው ጋርሲላሶ ይሉታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1539 ፔሩ ውስጥ፣ ኩስኮ በምትባል ከተማ ነው። ኩስኮ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባን እንኳ በ1,000 ሜትር ገደማ ትበልጣታለች። የኢንካ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ስፔኖች በ1533 ያዟትና በኢንካዎቹ ግንብ ላይ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት። ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ አንዱ ባንዱ ላይ የተገጠመው ድንጋይ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

አባቱ ከወራሪዎቹ ወገን የሆነ ስፔናዊ ሻምበል፣ እናቱ ቺምፑ ኦክዮ ደግሞ የኢንካ ንጉሥ የልጅ ልጅ ነበረች። ታዲያ አባትየው አላገባትም። በኋላ የአገሩን ሴት አገባ፤ እሷም ለሌላ ተራ ስፔናዊ ተዳረች። ልጁ ከጡት ጋር የጠባው ቋንቋ የእናቱን ኬችዋ ነው። ዘመዶቿ እሷ ቤት እየተሰበሰቡ ስለጠፋው መንግሥታቸው እያወሩ ሲያለቅሱ፣ እሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ከእኩዮቹ ጋርም ከከተማው በላይ ወዳለው ሳክሳይዋማን ምሽግ ይወጣል። ከመሬት በታች ባለው መተላለፊያ ግን እንዳይጠፉ ፈርተው የፀሐይ ብርሃን እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነበር የሚገቡት።

አባቱ በ1559 ሲሞት፣ ስፔን ሄዶ እንዲማርበት 4,000 ፔሶ ተናዘዘለት። በጥር 1560፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ ሊነሳ ሲል፣ አንድ ሹም ዘንድ ለስንብት ገባ። ሹሙ ተጠብቆ የቆየ የአምስት ነገሥታትና ንግሥታት ሬሳ አሳየው። ጋርሲላሶ የእናቱን አጎት፣ የንጉሥ ዋይና ካፓክን ጣት ነካ፤ እንደ እንጨት ደርቋል። ካረጀ በኋላ ይህን ሲጽፍ ይጸጸታል። አንድ ቀን እጽፈዋለሁ ብዬ ባስብ ኖሮ ደህና አድርጌ አይ ነበር፣ እንዴት ሳይበሰብስ እንደቆየም እጠይቅ ነበር ነው የሚለው።

ስፔን ደርሶ ማድሪድ ላይ ለአባቱ አገልግሎት ካሳ ጠየቀ። ባለሥልጣኖቹ ግን አባትህ በጦርነት ላይ ለአመፀኛው መሪ ፈረሱን ሰጥቷል ብለው መለሱት። በ1563 አገሩ የሚመለስበት ፈቃድ አገኘ፤ ሳይሄድ ቀረ። እናቱ በ1571 ኩስኮ ውስጥ ሞተች። ከወጣ ጀምሮ አላያትም ነበር።

ከዚያ ወታደር ሆነ፣ አጎቱ ዘንድ ሞንቲያ በምትባል ከተማ ኖረ፣ በመጨረሻም ኮርዶባ ገባ። ብዕር ያነሳው ግን ገና ሞንቲያ ሳለ ነው። የጎደለውን ለማሟላት አብረውት ለተማሩ የኩስኮ ልጆች ደብዳቤ ጻፈ፤ እነሱም ከእናቶቻቸውና ከዘመዶቻቸው እየጠየቁ ላኩለት። ስለ ኢንካዎች የጻፈው ትልቁ መጽሐፍ በ1609 ሊዝበን ታተመ፤ ሰውየው ሰባ ዓመቱ ነበር! ክልስ የሚለው ቃል በአገሩ መሰደቢያ ነበር፤ እሱ ግን አፉን ሞልቶ ራሱን በዚያ ስም ጠራ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋትም አለበት። ከቤት ሠራተኛው ወንድ ልጅ ወልዶ አላገባትም። አባቱ በእናቱ ላይ ያደረገውን እሱም በሌላ ሴት ላይ ደገመው። ይህን ከእኛ በላይ ማን ይረዳዋል?

በሚያዝያ 1616 ሞተ። የተቀበረው ድሮ መስጊድ በነበረው የኮርዶባ ካቴድራል ውስጥ ነው። ፔሩ ውስጥ በ1780 ሕዝቡ በቱፓክ አማሩ መሪነት በስፔኖች ላይ ሲነሳ፣ የስፔን ንጉሥ ይህ መጽሐፍ ሕዝቡን ያነሳሳል ብሎ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ከእናት ቤት የተሰማ ወሬ ንጉሥ አስፈራ ማለት ነው! በ1978 ከአፅሙ ከፊሉ ወደ ኩስኮ ተመለሰ። ዛሬ ኩስኮን ለማየት የሚሄድ ሰው ያደገበትን ቤት ሙዚየም ሆኖ ያገኘዋል።

እህቶቼ፣ እሱ ሳይጠይቅ በመውጣቱ እስከ እርጅናው ቆጭቶታል። እኛ ግን ስልክ አለን። ስንደውል ስለተላከው ገንዘብ ብቻ አናውራ። እማማን ስለ ልጅነቷ፣ ስለ አያቶቻችን እንጠይቃት፤ የነገረችንንም ደብተር ላይ እናስፍረው። መመለሻችን መቼ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ጥያቄው ግን ለነገ አይባልም።

በሰላም ለአገራችን ያብቃን!