ጉሊየልሞ ማርኮኒ እና የሬዲዮ ሞገዶች መጠላለፍ

የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ አባት እየተባለ የሚጠራው ጉሊየልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በኢጣሊያ ቦሎኛ ከተማ ከባለጸጋ ጣሊያናዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። በ1895 በአባቱ ርስት ባደረገው ሙከራ ምልክትን ያለ ሽቦ ከኮረብታ ማዶ ካሻገረ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በ1896 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በዓመቱም ድርጅቱን አቋቋመ።

ብዙዎች ማርኮኒን የሚያስታውሱት መልእክትን ወደ ሩቅ በማድረሱ ነው። ከርቀቱ ይልቅ የፈተነው ግን የሞገዶች መጠላለፍ ነበር። የዚያ ዘመን ማስተላለፊያ ሞገድ የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለነበረ ኃይሉ በሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል ላይ ይበተን ነበር። በመሆኑም ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሲልኩ በአካባቢው ያለ መቀበያ ሁለቱንም አደባልቆ ስለሚሰማ መልእክቱ ሊነበብ አይችልም።

ማርኮኒ በኤፕሪል 1900 ያስመዘገበው፣ በቁጥሩ 7777 የሚታወቀው የፈጠራ መብት ለዚህ ችግር የተሰጠ ምላሽ ነው። በማስተላለፊያውም ሆነ በመቀበያው ውስጥ ያሉት ጥምዝ ሽቦዎችና ካፓሲተሮች ለአንድ ፍሪኩዌንሲ እንዲስማሙ ይደረጋሉ። በአንድ ቃና የተቃኙ ሁለት ክራሮች ተጠጋግተው ሲቀመጡ የአንዱ ክር ሲመታ የሌላውም እንደሚነዝር ሁሉ፣ መቀበያው ለተቃኘበት ሞገድ ይነቃል፤ ለሌላው ግን እምብዛም ምላሽ አይሰጥም። አሳቡ የማርኮኒ ብቻ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ በ1897 ተመሳሳይ ስልት አስመዝግቦ ነበር።

ቅኝቱ ብቻውን አልበቃም። በ1901 በኒውዮርክ አቅራቢያ የተካሄደውን የጀልባ ውድድር ለጋዜጦች ለመዘገብ የተሰለፉ ተቀናቃኝ ድርጅቶች አንዱ የሌላውን ምልክት አፍነው ወሬው ተበላሸ። በጁን 1903 ደግሞ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን የማርኮኒ አማካሪ ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የሥርዓቱን ብቃት ለማሳየት ሲዘጋጅ፣ ኔቪል ማስክሊን የተባለ ተቀናቃኝ ከአቅራቢያ ሆኖ የፌዝ መልእክት ወደ መቀበያው ላከ።

ለመጠላለፉ ድርጅቱ ራሱም ተጠያቂ ነበር። ጣቢያዎቹ በሌላ ድርጅት መሣሪያ ከሚጠቀሙ መርከቦች ጋር እንዳይነጋገሩ ይከለክል ስለነበረ፣ ሞገዱን የሚጋሩት ወገኖች ተራ ለመያዝ እንኳ የሚግባቡበት መንገድ አልነበራቸውም። በ1906 በበርሊን የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህን አሠራር በመቃወም የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎችና መርከቦች የመሣሪያው ዓይነት ሳይለይ መልእክት እንዲለዋወጡ አስገደደ፤ ለሕዝብ አገልግሎትም የ300 እና የ600 ሜትር የሞገድ ርዝመቶችን ወሰነ።

ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ሌሊት ካሊፎርኒያን የተባለችው መርከብ ኦፕሬተር በበረዶ መከበባቸውን ለታይታኒክ ሊነግር ሞከረ። መርከቦቹ ስለሚቀራረቡ ምልክቱ የታይታኒኩን ኦፕሬተር ጆሮ አደነቆረው። የተሳፋሪዎችን ቴሌግራም ወደ ኬፕ ሬስ በመላክ ተጠምዶ የነበረው ይህ የማርኮኒ ድርጅት ባልደረባ ዝም እንዲል አዘዘው። የካሊፎርኒያኑ ኦፕሬተር ብዙም ሳይቆይ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ታይታኒክ በረዶውን ገጭታ የድረሱልኝ ጥሪ ስታሰማ በካሊፎርኒያን ላይ የሚሰማ አልነበረም። ከ1,500 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ወደ 700 የሚጠጉት የተረፉት ካርፓትያ የተባለች መርከብ ያንኑ የሬዲዮ ጥሪ ሰምታ በመድረሷ ነው። በዚያው ዓመት በለንደን ዓለም አቀፉ ደንብ ተሻሻለ፤ አሜሪካም የሬዲዮ ጣቢያዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ደነገገች።

ማርኮኒ በ1909 ከካርል ፌርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። በኋለኛ ዘመኑ ግን የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወርም ወረራውን ደግፏል። ስለ እርሱ የሚጻፉ ብዙ የሙገሳ ጽሑፎች ይህን ይዘሉታል፤ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ግን ሊታለፍ አይገባም።

ጁላይ 20 ቀን 1937 በሮም አረፈ። በ1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአሜሪካ ከተመዘገበው የቅኝት ፈጠራ መብቱ ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች፣ ሎጅን ጨምሮ ሌሎች ቀድመውታል በማለት ሻረ።