አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ

የሚከተለው ምንባብ የአንድ አርበኛ የሕይወት ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንድ ጊዜ አንብቡት። ሁለተኛ ስታነቡት ግን ባለታሪኩም ሆነ በዙሪያው የነበሩት ሰዎች በየጊዜው ምን እንደ ወሰኑ፣ ሲወስኑም ምን ሊያጡ ይችሉ እንደ ነበር እያስተዋላችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ።

የዓባይ ወንዝ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ፈልቆ ጣና ሐይቅ ከገባ በኋላ እንደገና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ መቀነት ይዞራታል። በዚህ መቀነት ውስጥ ወደ ምዕራብ የአገው ምድር ደጋ፣ እነዳንግላና እንጅባራ ይገኛሉ። በምሥራቁ ጫፍ ደግሞ ከዓባይ ገደል አፋፍ ሳይርቅ ቀድሞ የቢቸና አውራጃ ይባል የነበረው አገር አለ። የሁለቱም ወገን ነዋሪ በአብዛኛው ገበሬ ነው። ገበሬ ደግሞ የሚያጣው ብዙ ነገር ያለው ሰው ነው። ጎጆውን ተሸክሞ አይሸሽም፤ ማሳውን ጠቅልሎ አይሰደድም፤ በሬዎቹ ከተነዱበት የዓመት ጉርሱ አብሮ ይነዳል። እንዲህ ያለው ሰው በአምስቱ የወረራ ዓመታት ቤቱንና ነፍሱን ለአደጋ አጋልጦ መነሣቱ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ከዚህ ሕዝብ መካከል ወጥተው ስማቸው ከገነነው አርበኞች አንዱ በላይ ዘለቀ ነው።

በላይ የተወለደው በ1900ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የቢቸና ሰው ሲሆኑ እናቱ ከዓባይ ማዶ፣ ከወሎ ቦረና ወገን ነበሩ። ሁለቱ አገሮች በጥልቅ ሸለቆ ተለያይተው ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። በላይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሁለቱንም ማዶ ዘመድና መንገድ ማወቁ ኋላ በአርበኝነቱ ዘመን እጅግ ጠቅሞታል። የትልቅ መኳንንት ልጅ ስላልነበረ ከአባቱ የወረሰው ርስተ ጉልትም ሆነ ሹመት አልነበረም። ያደገው እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀ፣ ቁልቁለትና አቀበቱን እየወጣና እየወረደ ነው።

በላይ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ከጊዜው ባለሥልጣኖች ጋር ተጣልተው ኖሮ ሊይዟቸው በተላኩ ሰዎች እጅ ተገደሉ። በዚያ ዘመን አባቱ የተገደለበት ልጅ ደም እንዲመልስ የሚጠብቅበት ወገን ብዙ ነበር። በላይና ወንድሙ እጅጉም ይህን የደም ዕዳ እያሰቡ አደጉ። ዕድሜያቸው ለጠመንጃ ሲደርስ ዱር ገቡ። በዚህ ጊዜ በላይ በመንግሥት ዓይን ሽፍታ እንጂ ሌላ አልነበረም። ድፍረት እንደ ነበረው አያጠራጥርም፤ ዳሩ ግን ድፍረቱ ለራሱና ለቤተሰቡ ቂም ብቻ የዋለ ነበር።

ፋሽስት ኢጣሊያ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወረረች። በመጋቢት ወር በማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ድል ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጠላት ደብረ ማርቆስን ይዞ በየአውራጃው ምሽግ መሥራት ጀመረ። እንግዲህ በላይን ሲያሳድድ የነበረው መንግሥት በዚያች ወቅት ፈረሰ ማለት ነው። ለአንድ ሽፍታ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ሊመስል ይችል ነበር። ወራሪው ለሚገቡለት ሰዎች ገንዘብና ሹመት ያድላል፤ የአገሬው ተወላጅ የሆኑ ታላላቅ ሰዎች እንኳ ገብተውለታል። በላይ ቢፈልግ የአባቱን ደም በጠላት ጠመንጃ መመለስ ይችል ነበር። ካልሆነም በዱሩ ውስጥ ተሸሽጎ የሚሆነውን መጠበቅ ይቻለው ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም ትቶ የግል ቂሙን አሳደረና በጥቂት ዘመዶቹና ጓደኞቹ ታጅቦ በወራሪው ላይ ዘመተ። የሕይወቱ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ጠመንጃው የአንድ ቤተሰብ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የአገር ሆነ።

በመጀመሪያ የተከተሉት ሰዎች ጥቂቶች፣ መሣሪያቸውም ያረጀ ነበር። ስለዚህ ትልቅ ጦር መግጠም አልሞከሩም። በጠባብ መተላለፊያና በወንዝ መሻገሪያ እየሸመቁ ጠላትን ባላሰበው ሰዓት ይመቱታል፤ የወደቀውን ወታደር ጠመንጃና ጥይት ይወስዳሉ፤ ከዚያም ጠላት ረዳት ጦር ከማምጣቱ በፊት ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ መንገድ ጠላት ራሱ መሣሪያ አቀባይ ሆነላቸው። ከቢቸና በኩል ሲከበቡ ዓባይን ተሻግረው ቦረና ይገባሉ፤ ከቦረና ሲባረሩ ደግሞ ወደ ጎጃም ይመለሳሉ።

ይሁን እንጂ አርበኛው ብቻውን አንድ ወር እንኳ መቆየት አይችልም ነበር። በሶ የሚያዘጋጅለት፣ ቁስሉን የሚያጥብለት፣ የጠላትን መምጣት የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው ስሙ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ገበሬ ነው። ሴቲቱ ሌሊት ስንቅ ስትፈጭ፣ እረኛው ከኮረብታ ላይ የጠላትን ጉዞ ቆጥሮ ሲያስታውቅ፣ ሽማግሌው የቆሰለ ሰው በጎተራው ጀርባ ሲሸሽግ የሚጠብቃቸውን ያውቁ ነበር። አርበኛ የረዳ መንደር ይቃጠላል፤ ከብቱ ይዘረፋል፤ ከሰማይም ቦምብ ይወርድበታል። አርበኛው ዱር ሊሸሽ ይችላል፤ መንደሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አንድ እንጀራ አውጥቶ መስጠት እንኳ ሕይወትን የሚያስከፍል ውሳኔ ነበር። ለአንድ ሰው ሸክም የሆነው ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ ፍርሃቱም በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ሲከፋፈል ቀለለ።

በ1929 ዓ.ም. መጨረሻና በ1930 ዓ.ም. ጠላት የገበሬውን መሣሪያ ለመግፈፍ በመነሣቱ ጎጃም በሙሉ ሸፈተ። የጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን የሚያየው እንደ ክብሩ ነውና፣ በዝምታ ሲኖር የነበረው ሁሉ ወደ አርበኞች ጎረፈ። የበላይም ጦር ከጥቂት ሰዎች ተነሥቶ በሺህ ወደሚቆጠር ሠራዊት አደገ። የጠላት ጦር በከተማና በምሽግ ተወስኖ ሲቀር ገጠሩ በአርበኞች እጅ ገባ። በላይ በያዘው ምድር ዳኛ ሾመ፤ ወንጀለኛ ቀጣ፤ ገበሬው እንዲያርስና ገበያው እንዲቆም አደረገ። በጀግንነት የተፈተኑ ተከታዮቹንም ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ደጃዝማች እያለ ሾመ። የጦር ስሙም አባ ኮስትር ተባለ። ለራሱ ምን ማዕረግ እንደሚይዝ በተጠየቀ ጊዜ እናቱ ያወጡለት ስም ከሹመት ሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ ሌላ እንደማይፈልግ መለሰ እየተባለ ይነገራል።

በዚሁ ጊዜ በምዕራብ ጎጃምም እነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራ አነስተኛ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባና ከነዚህ መሪዎች ጋር ተገናኘ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ ተጓዙ። ጉዞው እጅግ ከባድ ስለነበረ ስንቅና ጥይት የጫኑ ግመሎች በሺህ እየተቆጠሩ በመንገድ አለቁ። በየካቲት ወር የኢጣሊያ ጦር ዳንግላን ለቆ ወጣ። በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የኢትዮጵያና የሱዳን ወታደሮች ጦርም እንጅባራን ይዞ በቡሬና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ገሠገሠ። ይህ ጦር ከጠላት ጦር ጋር ሲነጻጸር በቁጥር እጅግ ያነሰ ነበር። ሆኖም ያገኘው ጠላት አስቀድሞ በአርበኞች የደከመ፣ ከምሽጉ ውጭ መተኛት የሚፈራ ጠላት ነው። ከዳንግላ እስከ ቢቸና ያለው ገበሬ ለአምስት ዓመት የከፈለው ዋጋ ፍሬው የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ የኢጣሊያ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ በሸፈርታክ በኩል ዓባይን ተሻገረ። ይህ መሻገሪያ በበላይ ግዛት አጠገብ ስለነበረ ጠላት እንዴት ሊያልፍ ቻለ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከጦሩ ጋር የነበሩ እንግሊዞች፣ ለጠላት ገብተው የነበሩት ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለገቡለት በላይ መንገዱን ሳይዘጋ ቀረ ብለው ጽፈዋል። ሌሎች ደግሞ አምስት ዓመት የተዋጋ ሰው በጋብቻ ተስፋ አይደለልም በማለት ክሱን አይቀበሉም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የጀግና ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሊሸሽገው አይገባም።

ከነጻነት በኋላ በላይ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጥቶት የቢቸና ገዥ ሆነ። ነገር ግን ሰላሙ አልዘለቀም። በአንድ በኩል፣ አገሩን ያለ ማንም አዛዥ ያስተዳደረው ሰው ከበላዩ ላሉ ሹማምንት መታዘዝ ከበደው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር የነበሩ ወይም በስደት የቆዩ ሰዎች ትልልቅ ሹመት ሲያገኙ ማየቱ ቅሬታ አሳደረበት። ከጠቅላይ ግዛቱ ባለሥልጣኖች ጋር የነበረው አለመግባባት እየከረረ ሄደ። በመጨረሻም በ1935 ዓ.ም. የመንግሥት ጦር ተላከበት። በላይም ሶማ ተራራ ላይ ወጥቶ ተከላከለ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እጁን ሰጥቶ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደና ፍርድ ቤት ቀርቦ ሞት ተፈረደበት። ንጉሠ ነገሥቱም ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ለወጡለት።

በላይ ግን እሥር ቤት ተቀምጦ የዓመታትን ማለፍ መቁጠር አልቻለም። ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር መክሮ ከእሥር ቤት አመለጠ። ወደ ጎጃም ለመሻገር ሲገሠግስ ዓባይ ሳይደርስ ተያዘ። በጥር ወር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ በወረራው ዘመን ከኢጣሊያ ጎን የተሰለፈ ሰው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን የወጋውና ለጠላት ያደረው በአንድ ቀን፣ በአንድ አደባባይ ተሰቀሉ። በላይ በዚያን ጊዜ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። ሕዝቡ ይህን ፍጻሜ በለቅሶና በእንጉርጉሮ ሲያስታውሰው ኖሯል። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል።

በላይ ፍጹም ሰው አልነበረም። ቂም ያውቃል፤ ግትርነትም ነበረበት፤ በሰላም ጊዜ የሚያስፈልገውን ትዕግሥት ጦርነት አላስተማረውም። ታላቅነቱ ያለው በ1928 ዓ.ም. ባደረገው ምርጫ ነው። የሚወረስ ማዕረግ ሳይኖረው፣ የሚያዘው መንግሥት ሳይኖር፣ ድል ይገኛል የሚል ዋስትናም ሳይሰጠው የግል በደሉን ወደ ኋላ ትቶ የአገሩን በደል አስቀደመ። ያን ምርጫ ለፍሬ ያበቁት ደግሞ እንደ እሱ ያልተዘመረላቸው፣ እንጀራቸውን በሌሊት ያወጡ ሰዎች ናቸው። የበላይን ስም ስናነሣ እነሱንም ማንሣት ይገባናል።

መልመጃ

ሀ/ ከምንባቡ የተገነዘባችሁትን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ከወረራው በፊት የነበረው የበላይ ድፍረት ከወረራው በኋላ ከታየው በምን ይለያል?
2. አርበኛን መርዳት ከአርበኛው ይልቅ ለመንደሩ ነዋሪ የበለጠ አደገኛ የሆነው ለምንድን ነው?
3. በዳንግላና በእንጅባራ በኩል የመጣው ጦር በቁጥር አንሶ ሳለ ለምን ሊያሸንፍ ቻለ?
4. ጸሐፊው ስለ ሸፈርታክ የሚነገረውን ክስ ሳይሸሽግ ያቀረበው ለምን ይመስላችኋል?

ለ/ የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ከተናገራችሁ በኋላ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቧቸው፦ መቀነት፣ የዓመት ጉርስ፣ ደም መመለስ፣ መግፈፍ፣ መሸመቅ፣ ግትርነት።

ሐ/ ከምንባቡ ውስጥ «ሳለ»፣ «ሲሆኑ» እና «ስለዚህ» የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ እያንዳንዱ ቃል ሐሳብን ከሐሳብ እንዴት እንደሚያያይዝ አስረዱ።

መ/ በአካባቢያችሁ ለሌላው ሰው ሲል ቤቱን፣ ንብረቱን ወይም ሕይወቱን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ታሪክ ከሽማግሌዎች ጠይቁ። የሰማችሁትንም በጊዜ ቅደም ተከተል አዘጋጅታችሁ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።