ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ)፦ በቅቤና በአይብ የተጀመረ ንግድ

ስለ ሀብታም ሰሓቦች ሲነሳ ቀድሞ ከሚጠሩት ስሞች አንዱ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው በግመል ቅፍለታቸውና በወርቃቸው ነው። መዲና ላይ ንግድ የጀመሩት ግን ዛሬም ቆቦ ገበያ ላይ እናቶቻችን ይዘውት በሚቀመጡት ሸቀጥ ነበር፤ በቅቤና በአይብ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሱቃቸው ተዘርፎ፣ እንደገና ከዜሮ ለተነሱ የቆቦ፣ የሮቢትና የጎብዬ ነጋዴዎች የእኚህን ሰሓባ ሕይወት ማወቅ ትልቅ ስንቅ ነው።

ከመካ እስከ ሐበሻ

ዐብዱረሕማን (ረ.ዐ) የተወለዱት መካ ውስጥ፣ ከቁረይሽ ጎሳ ከበኒ ዙህራ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ከዝሆኑ ዓመት አስር ዓመት ያህል በኋላ እንደተወለዱ ይናገራሉ። በጃሂሊያ ዘመን ዐብዱ ዐምር ይባሉ ነበር። ዐብዱረሕማን ብለው የሰየሟቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። እስልምናን የተቀበሉት በአቡበክር (ረ.ዐ) ጥሪ ሲሆን፣ ቀድመው ከሰለሙት ስምንት ሰዎች አንዱ ተደርገው ይቆጠራሉ።

የቁረይሾች ግፍ ሲበረታ፣ በነቢይነት 5ኛው ዓመት (በ615 እ.ኤ.አ.) ወደ ሀገራችን ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች መካከል ነበሩ። በዚሁ ጉዞ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርም (ረ.ዐ) አብረዋቸው ነበሩ። ሁለቱም በፍትሐዊው ነጃሺ ጥላ ሥር እፎይታ አግኝተዋል። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ገበያው የት ነው?

ወደ መዲና ሲሰደዱ ንብረታቸው መካ ቀርቶ ባዶ እጃቸውን ደረሱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን ወንድማማች ሲያደርጉ፣ እሳቸውን ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር አጣመሯቸው። ሰዕድ ከመዲና ባለሀብቶች አንዱ ነበሩ። ሀብታቸውን እኩል ከፍለው ግማሹን ሊሰጧቸው፣ ትዳር እንዲይዙም ሊረዷቸው ቃል ገቡ።

ዐብዱረሕማን (ረ.ዐ) በቅድሚያ አላህ በቤተሰባቸውና በገንዘባቸው በረካ እንዲያደርግላቸው ለሰዕድ ዱዓ አደረጉ። ቀጥለው የጠየቁት የገበያውን መንገድ ብቻ ነበር። በዚህ ውስጥ ኩራት የለም። የሰጪውን ክብር ጠብቀው አመሰገኑ፣ ጉልበትና ጤና ያለው ሰው ደግሞ በላቡ ማደር እንደሚችል አሳዩ።

የቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩዋቸው። በዚያው ቀን ከትርፋቸው ቅቤና የደረቀ አይብ ይዘው ተመለሱ። በማግስቱም ሄዱ፤ በሦስተኛውም ቀን ሄዱ። ጥቂት ቆይተው የሽቶ ቀለም ልብሳቸው ላይ ታየ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቋቸው የአንሷር ሴት ማግባታቸውን ነገሯቸው። መህሩ የተምር ፍሬ ክብደት ያለው ወርቅ ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያዘጋጁ አዘዟቸው።

ቅቤና የደረቀ አይብ በትንሽ መነሻ የሚገዙ፣ ቤት ሁሉ የሚፈልጋቸው፣ ቶሎ የሚሸጡ ሸቀጦች ናቸው። ገንዘቡ አይተኛም፤ ዛሬ የገባው ነገ ይወጣል። በራያ ቆላ ፀሐይ ቅቤ ይዞ የሚውል ሰው ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የንግዳቸው ሥርዓት

ሀብታቸው ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ሦስት ነገር እንደጠቀሱ በመጻሕፍት ተዘግቧል። ትንሽም ብትሆን ትርፍን አልመለሱም። ገዢ ሲመጣ ዋጋ ይጨምር ይሆናል ብለው ሽያጭ አላዘገዩም። በዱቤም አልሸጡም። አንድ ጊዜ አንድ ሺህ ግመል በገዙበት ዋጋ ሸጠው ያተረፉት የግመሎቹን ማሰሪያ ብቻ እንደነበር ይነገራል። እያንዳንዱ ማሰሪያ በአንድ ዲርሃም ሲሸጥ አንድ ሺህ ዲርሃም ሆነ፤ የዕለቱ የመኖ ወጪም ቀረላቸው።

በዱቤ መሸጥ በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው። እሳቸው የመረጡት ግን ገንዘባቸው በሰው እጅ ሳይቆይ የሚዞርበትን መንገድ ነበር። እህል ሲወደድ ለማየት ጎተራ ዘግቶ የሚጠብቅ ነጋዴ ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለው።

ማዕዱ ፊት ያለቀሱት ሰው

ሀብቱ መጣ። የሹክር ፈተናም አብሮ መጣ። አንድ ቀን ጾመው ሳለ የማፍጠሪያ ምግብ ቀረበላቸው። ምግቡን ሲያዩ ትዝ ያላቸው ከሐበሻ ጀምሮ የሚያውቁት ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) ነበር። ሙስዐብ ኡሑድ ላይ ሸሂድ ሲሆኑ የተከፈኑበት ጨርቅ አንድ ብቻ ነበር፤ ራሳቸው ሲሸፈን እግራቸው፣ እግራቸው ሲሸፈን ራሳቸው ይታይ ነበር። ዐብዱረሕማን (ረ.ዐ) ሙስዐብ ከእሳቸው እንደሚበልጡ ተናግረው፣ የመልካም ሥራቸው ምንዳ በዱንያ ተፋጥኖ የተሰጣቸው እንዳይሆን መስጋታቸውን ገለጹ። አለቀሱ፤ ምግቡንም ተዉት።

ግማሽ ሀብታቸውን ሊያካፍሏቸው የነበሩት ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕም (ረ.ዐ) በዚያው በኡሑድ ሸሂድ ሆነዋል። ዐብዱረሕማን ራሳቸው ከሃያ የሚበልጥ ቁስል ቆስለው፣ በእግራቸው ላይ የደረሰው እያነከሱ እንዲቀሩ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ሹክር ለእሳቸው በምላስ ከሚባለው አልሐምዱሊላህ በላይ ነበር። የተሰጣቸው ነገር ሁሉ ቀድመዋቸው ያለፉት ያላዩት አማና መሆኑን ያውቃሉ።

ሀብቱ የት ገባ?

ለዑስማን (ረ.ዐ) በ40 ሺህ ዲናር የሸጡትን መሬት ገንዘብ ለበኒ ዙህራ ዘመዶቻቸው፣ ለድሆችና ለምእመናን እናቶች አከፋፈሉት። የእመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ድርሻ ሲደርሳቸው አላህ ከጀነት ሰልሰቢል እንዲያጠጣቸው ዱዓ አደረጉላቸው።

በሀብታቸው ብዛት ጀነት እየዳሁ ይገባሉ የሚለው ወሬ በየመድረኩ ይደጋገማል። የሐዲስ ሊቃውንት ግን ዘገባውን ደካማ ብለውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጀነት ካበሰሯቸው አስር ሰሓቦች አንዱ ናቸው። ሀላል ሀብት በራሱ ነውር አይደለም።

በተቡክ ዘመቻ፣ በሂጅራ 9ኛው ዓመት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘግይተው ሲደርሱ ዐብዱረሕማን (ረ.ዐ) የፈጅርን ሶላት እያሰገዱ ነበር። ነቢዩም ከኋላቸው ሰግደው የቀረባቸውን ረከዓ አሟሉ። በ23 ሂጅራ ዑመር (ረ.ዐ) ተወግተው ኸሊፋ እንዲመርጡ ስድስት ሰዎች ሲሰይሙ፣ ዐብዱረሕማን ራሳቸውን ከዕጩነት አገለሉ። ሌሊቱን እያነጉ ሰዎችን አማክረው ዑስማንን (ረ.ዐ) መረጡ። ለገንዘብ ያልጓጓች ነፍስ ለሥልጣንም አልጓጓችም።

ያረፉት በ32 ሂጅራ (652 እ.ኤ.አ.)፣ ወደ 75 ዓመት ዕድሜያቸው ሲሆን፣ ቀብራቸው በበቂዕ ነው። በኑዛዜያቸው በሕይወት ለነበሩ የበድር ተሳታፊዎች ለእያንዳንዳቸው 400 ዲናር እንዲሰጥ አዘዙ፤ ተቆጥረው መቶ ሆኑ። ኸሊፋው ዑስማንም (ረ.ዐ) ሀብታም ሆነው ሳለ የዚህ ሰው ገንዘብ ሀላልና ንጹሕ ነው ብለው ድርሻቸውን ወሰዱ። ለምእመናን እናቶች ደግሞ የአትክልት ቦታ ተናዘዙላቸው። ልጃቸው አቡ ሰለማ ከታላላቅ የመዲና ዑለማኦች አንዱ ሆነው ዒልም አስተላለፉ።

ለኛ ገበያ

ዛሬ በራያ ቆላ ጤፍ የሚሸጥ፣ ሻይ የሚያፈላ፣ በበረንዳ ልብስ የሚሰፋ ወንድም ወይም እህት ትርፉ ከዕለት ጉርስ አላልፍ ብሎ ይሆናል። ሰባት መቶ ግመል የለኝም፣ ለምን ተቋም ልሁን ሊልም ይችላል። የቅቤና የአይቡ ነጋዴም በመጀመሪያው ቀን ግመል አልነበረውም። የነበረው ቀጥ ያለ ሚዛን፣ የማይሰለች እግርና ወንድሙን የሚያመሰግን ልብ ነበር። ከትንሽ ትርፍ ለየቲም ደብተር መግዛት፣ ለመድረሳው ምንጣፍ ወይም ለመስጂዱ ውሃ መዋጮ ማድረግ ከሞት በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ሶደቀቱል ጃሪያ ሊሆን ይችላል።

ከጦርነቱ ሱቁ የተረፈለት ደግሞ የሰዕድን ቦታ ይመልከት። የተዘረፈ ጎረቤቱን ለመነሻ የሚሆን ብር ሊያበድረው፣ ካልቻለም ጥግ ሰጥቶት በበረንዳው ሊያስቀምጠው ይችላል። ከተማ የሚቆመው ግማሹን ለማካፈል የተዘጋጀ ሰዕድና የገበያውን መንገድ ብቻ የሚጠይቅ ዐብዱረሕማን ሲገናኙ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሀላል፣ ትርፋችንን በረካ ያድርግልን፤ በሰጠን ኒዕማ አመስጋኞች ያድርገን። አሚን።